ከነካርቶኑ የገዛሁት ስልክ

ስልክ ለመግዛት ሦስት ወር ያጠና ሰው ገጥሟችሁ ያውቅ እንደሆነ አላውቅም። ያ ሰው እኔ ነኝ። ጥናቴ ውስጥ እስከ ዛሬ አንድም ስህተት አላገኘሁበትም። ልነግራችሁ የተነሣሁትም ስህተት ያልነበረበት ጥናት አንድን ሰው እንዴት ሊያሳስረው እንደነበር ነው።

ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። የተወለድኩት ሰበታ ዳር ከሚያርስ ቤተሰብ ነው፤ ታናናሾቼ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እኔ ቤት ስጠብቅ ኖርኩ። በኋላ በማታ ትምህርት ተንፏቅቄ አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ሠላሳን አልፌ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ አመል አለው፤ ተጽፎ ያላየውን አያምንም። በምሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ንብረት ክፍል ውስጥ፣ «ወረቀቷ» ይሉኝ ነበር። ያለ ፊርማ አንድ ጥቅል ክር ከእጄ አይወጣም። ሰው ይቆጣል፣ እኔ ዝም እላለሁ፤ ፊርማው ግን ይፈረማል።

ስልኩን ባጠናሁበት ዓመት ቅዳሜና እሑድ ኮሌጅ ጀመርኩ። አስተማሪዎቻችን የሚነበበውን ሁሉ በስልክ ነው የሚልኩልን። የእኔዋ ስልክ ባለ ቁልፍ ነበረች፤ ከመደወልና ጨለማ ላይ ከማብራት ሌላ ሙያ አልነበራትም። ሌሎቹ ከክፍል ሲወጡ እያነበቡ ይሄዳሉ፣ እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰልፌ እቀራለሁ። ስለዚህ ስክሪኑ ሰፋ ያለ፣ መጽሐፍ የሚነበብበት ስልክ ፈለግኩ።

ደብተር ያዝኩ። የጠየቅኩትን ሁሉ ጻፍኩበት። አዲሱ ሞዴል ሲገባ ያለፈው ዓመቱ ዋጋው ይወርዳል፤ ለማንበብ ከሆነ ደግሞ ከአዲሱ የሚያንስበት ነገር የለም። «አዲስ» ተብሎ መስታወት ውስጥ ከተደረደረው ብዙው ተከፍቶ እንደገና የታሸገ ነው። ፍላሽ የተደረገ፣ ማለት ውስጡ ተጠርጎ እንደገና የተጫነ ስልክ፣ ወይ የተሰረቀ ነው ወይ የታመመ። የሚያዋጣው ዘመድ ከውጭ ልኮለት፣ ብዙም ሳይሠራበት ከሚሸጥ ሰው፣ ከነካርቶኑ መግዛት ነው። ሌባ ካርቶን አያመጣም።

አንዱ ላይ ግን በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት፤ ዋጋ ከተስማማሽ በኋላ ስልኩ ከዓይንሽ እንዳይሰወር። «ጠቅልዬ ላምጣልሽ» ብሎ ጓዳ የሚገባ ሻጭ ሌላ ይዞ ይወጣል። የፋብሪካችን አንድ ሹፌር ቤቱ ደርሶ ካርቶኑን ሲከፍት ያገኘው በስልክ ልክ የተቆረጠ የልብስ ሳሙና ነው። «ቢያንስ ይታጠብበታል» እያሉ ከርመውበታል።

ስፌት ክፍል የምትሠራ ትዕግስት የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ። ከወላይታ ለሥራ መጥታ እዚያው ያገባች፣ ያን ጊዜ የስድስት ወር ልጅ የምታጠባ። በቤተ ክርስቲያኗ በኩል ቡራዩ ውስጥ አንድ መምህር ስልክ እንደሚሸጥ ሰማች። እኅቱ ከዓረብ አገር የላከችለት፣ ያለፈው ዓመት ሞዴል፣ ከነካርቶኑ። ዋጋው ደብተሬ ላይ ከጻፍኩት ሁሉ ያነሰ ነበር።

ሰሞኑ ግን ደህና ሰሞን አልነበረም። የማስተር ፕላኑ ነገር ዙሪያውን ያናወጠበት ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ወደ እኛ ከተሞች ትሰፋለች፣ ገበሬው ይነሣል ተብሎ ተማሪው ወጥቷል፤ መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ በድንጋይ ተዘግቶ ያድራል። የአባቴም ማሳ ጫፍ ላይ የማንም ያልሆነ ችካል ተተክሎ ነበር። ማን እንደተከለው የሚነግረን አጣን፤ ለመንቀል ደግሞ ፈራን። ሰው ሁሉ ሲያወራ ዙሪያውን እየቃኘ ነበር። እኔም ሌሊት እየባነንኩ ስለ ምን እንደምሰጋ አላውቀውም ነበር።

ትዕግስት እስኪረጋጋ እንቆይ አለችኝ። እኔ ደግሞ እስኪረጋጋ ሌላ ይገዛዋል አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት እኔ ከክፍል ቀረሁ፤ እሷም ልጇን ለጎረቤት ሰጥታ፣ ለምሳ እመለሳለሁ ብላ ተከተለችኝ። በአየር ጤና አድርገን፣ አስኮ ወርደን፣ ሌላ ታክሲ ይዘን ቡራዩ ስንደርስ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር።

መምህር ገመቹ ቤቱ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው በኩል፣ ባሕር ዛፍ ውስጥ ነበር። አርባ ያልሞላው፣ ቀጠን ያለ፣ ሲናገር ድምፁን ወደ ውስጥ የሚስብ ሰው ነው። ግቢው ውስጥ አማቱ ኦቦ ለሚ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አጣና ይልጣሉ። «አከም ቡልተን ኦቦ?» ብዬ እንዴት አደሩ ስላቸው ፊታቸው በራ፤ ኦሮምኛዬ የሰበታ መሆኑን ወዲያው ለዩት።

ስልኩን አገላብጬ አየሁ። ስክሪኑን በብርሃን፣ ካሜራውን፣ ድምፁን፣ የቻርጅ ቀዳዳውን ፈተሽኩ። ካርቶኑ ላይ ያለውን አሥራ አምስት አሃዝ ስልኩ ውስጥ ካለው ጋር በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ትዕግስት ሁለቴ አዛጋች። ለምን እንደሚሸጠው ጠየቅኩት።

«በዚህ ሰሞን ትልቅ ስልክ መያዝ ጥሩ አይደለም፤ ትንሿ ትበቃኛለች» አለኝ።

መቸኮሉን አየሁ። ደብተሬ ላይ «የቸኮለ ሻጭ ይቀንሳል» የሚል ነበረ። ስለዚህ ገፋሁት፤ አምስት መቶ ብር ወረደልኝ። በውስጤ ኮራሁ። ይህን ዛሬ ስጽፈው ደስ እያለኝ አይደለም።

ተስማማን። መምህሩ ስልኩን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

«አንድ ጊዜ ውስጥ ይዤው ልግባ እህቴ፣ የማጠፋፋው ነገር አለኝ።»

እጄን አልለቀቅኩም። «እዚሁ ያጥፉት መምህር፣ እኔ ፊት።»

«ሁለት ደቂቃ ነው እኮ።»

«ሁለት ደቂቃ ከሆነማ እዚሁ ይበቃል።»

ኦቦ ለሚ አጣናውን አስቀምጠው ሳቁ። «ገመቹ፣ ይቺ ሴት ላም ልትገዛ ብትመጣ ኖሮ ጥርሷን ቆጥራ፣ ዘር ማንዘሯንም ትጠይቅ ነበር።»

መምህሩ አልሳቀም። አጠገቤ ቆሞ፣ እኔ አንገቴን አስግጌ እያየሁት፣ ፎቶዎቹን ማጥፋት ጀመረ። ጣቱ ይቸኩላል፤ ቀና ብሎ ያየኛል፤ እንደገና ይቸኩላል። ፍላሽ ላድርገው ሲለኝ ደግሞ ያንንም ከለከልኩት፤ ፍላሽ የተደረገ ስልክ እንደማልገዛ ነገርኩት። ሲም ካርዱን አወጣ፣ የመክፈቻ ቁጥሩን አነሣልኝ፣ «በቃ» አለ። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። እኔ ላቡን ያየሁት ሌባ ቢሆንስ ብዬ ነው።

ውሉን ጻፍን። በሁለት ቅጂ። የመታወቂያው ኮፒ ጀርባ ላይ ስሙን ከነአያቱ፣ ቀበሌውን፣ የቤት ቁጥሩን፣ የሚያስተምርበትን ትምህርት ቤት፣ አሥራ አምስቱን አሃዝ፣ «በስልኩ ላይ ለሚነሣ ማናቸውም ጥያቄ ኃላፊ እኔ ነኝ» የሚል ዐረፍተ ነገር። የመጨረሻውን ቃል በቃል ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ትዕግስት በምስክርነት ፈረመች፣ ኦቦ ለሚ በአውራ ጣታቸው። የእኔን ቅጂ አራት ላይ አጥፌ ካርቶኑ ውስጥ፣ ከቻርጀሩ ሥር አስቀመጥኩት።

ስንመለስ ቡራዩን ሳንወጣ ታክሲው ቆመ። ፊት ለፊት ከአሥር የማያንሱ መኪኖች ተሰልፈዋል። ጠዋት ስናልፍ ያልነበረ ፍተሻ ነው። ሁሉም እንዲወርድ፣ ስልኩን በእጁ እንዲይዝ ታዘዘ። ረዳቱ «ሂሳብ ያልከፈላችሁ ሳትጠፉ» ብሎ ቀለደ።

ፈታሹ የሰዎቹን ትንንሽ ስልኮች እያየ አለፈ። የእኔ ጋ ሲደርስ ትልቅነቱን አይቶ ቆመ። ከፍቶ ፎቶውን አየ፤ ባዶ ነው። ባዶነቱ ይበልጥ አነሣሣው መሰለኝ፤ መልእክቶቹ ውስጥ ገባ፣ ወደ ላይ ሳበ፣ ሳበ፣ አንዱን ነካ።

ቪዲዮ ነው። የትምህርት ቤት ግቢ፣ ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ ያመሳቀሉ ተማሪዎች፣ አቧራ። ከዚያ ከካሜራው ኋላ የሚመጣ የወንድ ድምፅ፤ ወደ ውስጥ የሚሳብ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ሲያወራኝ የነበረው ድምፅ። «ኢጆሌ ኮ፣ መነ ገላ! መነ ገላ!»

«የማን ነው ስልኩ?»

«የኔ ነው።» ከዚያ ጨመርኩ፤ «አሁን የገዛሁት ነው።»

«ከማን?»

ሰውየው መልስ አልጠበቀም። ትዕግስትን «አንቺም አብረሻት ነሽ?» አላት፤ ነኝ አለች። ስልኩን ይዞ ሁለታችንንም ከመንገዱ ዳር ወዳለ ግቢ ላከን።

ግቢው ውስጥ ከአሥር የሚበልጡ ሴቶች በግድግዳው ጥግ ተሰልፈው ነበር። ሴት ፈታሿ አንድ ብቻ ናት። ከቆርቆሮ በተሠራች ክፍል ውስጥ አንድ በአንድ እያስገባች ልብስም ቦርሳም ታያለች። ከእሷ የሚወጣ ሰው ፊት ለፊት ወዳለው ቢሮ ለጥያቄ ይገባል። እኔ ቦርሳዬን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ያዝኩ። ውስጡ ካርቶኑ አለ። ካርቶኑ ውስጥ የአንድ መምህር ስም ከነአያቱ፣ ቤቱ፣ ፎቶው፣ ትምህርት ቤቱ አለ። «ኃላፊ እኔ ነኝ» የሚልም አለ። እንደዚያ ያለ የተሟላ ወረቀት በዕድሜዬ አዘጋጅቼ አላውቅም።

ሰልፉ በአንድ ሰው አጠረ።

«ወረቀቱን ስጪያቸው» አለችኝ ትዕግስት ፊቷን ሳታዞር። «ውል የተጻፈው ለዚህ ቀን አይደለም እንዴ?»

ልክ ነበረች። ውሉን ብሰጥ ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን፤ እኛ በሰዓት ውስጥ እንወጣለን፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ወዳለው ቤት መኪና ይላካል።

«ቪዲዮው ላይ የሚናገረው እሱ ነው» አልኳት።

«እና? እኛ ነን ቅረጽ ያልነው? ልጄ ከጠዋት ጀምሮ አልጠባም።» ቀሚሷ ደረቷ ላይ በሁለት በኩል ረጥቦ ነበር። በነጠላዋ ልትሸፍነው ትሞክራለች፤ ነጠላውም ይረጥባል።

ሌላ ሴት ገባች፣ ወጣች። በዚያች መሐል ያሰብኩትን ሁሉ ብጽፍ አያምርም። መምህሩ ራሱ ሊያጠፋው ይገባ ነበር ብያለሁ። ወዲያው ግን ሊያጠፋው ሲል እጄን ያለቀቅኩት እኔ መሆኔ መጣብኝ። ከዚያ በኋላ የቀረው ሰበብ ሁሉ አልቆም አለኝ።

«ምን እንደሚል ሰምተሻል?» አልኳት።

«ኦሮምኛ አልችልም፣ ታውቂ የለ።»

«ልጆቼ፣ ወደ ቤት ግቡ፣ ወደ ቤት ግቡ፣ ነው የሚላቸው።»

ከፊታችን ሦስት ሴቶች ቀሩ። ከዚያ ሁለት። እጄ ቦርሳው ውስጥ ነበር፤ ካርቶኑን ከፍቼ ወረቀቱን ይዤዋለሁ፣ ግን የት እንደማደርሰው አላውቅም። ግቢው ውስጥ የምጥልበት ጉድጓድ እንኳ አልነበረም፤ በሩ ላይ የቆመው ሰው ዓይኑ ከእኛ አይነሣም።

«እኔንም አሁን እንዲህ የሚለኝ ባገኝ» አለች ትዕግስት ለራሷ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «አምጪው።»

ነጠላዋን ዘርግታ፣ ጡቷ ላይ የጠቀጠቀችውን ጨርቅ እንደምታስተካክል ሆና ዞረች። በር ላይ ያለው ሰው አየና አፍሮ ፊቱን መለሰ። ወረቀቱን ጨርቁ ውስጥ አጥፋ ከተተችው።

እሷ ቀድማ ገባች። ቆርቆሮው ቀጭን ነው፤ ሁሉም ይሰማኛል። ፈታሿ ኪሷን፣ ወገቧን፣ ፀጉሯን አየች። ከዚያ ደረቷ ጋ ደረሰች። «ሕፃን አለሽ?» ስትል ሰማሁ። «ስድስት ወሩ» አለች ትዕግስት። ፈታሿ እጇን በሱሪዋ እየጠረገች ብቅ አለችና የሚቀጥለውን ጠራች። የሚቀጥለው እኔ ነበርኩ። ካርቶኑን ገለበጠችው፤ ቻርጀር ብቻ ወደቀ። ትዕግስት ከቢሮው ስትወጣ «መንገድ ላይ ነው ብያለሁ» ብላኝ በሹክሹክታ አለፈች።

ቢሮ ውስጥ ያለው ጎልማሳ ሰው ክፉ አልነበረም፤ የደከመው ነበር። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ከማን እንደገዛሁ ጠየቀኝ። መንገድ ላይ፣ ከማላውቀው ሰው አልኩ። ስሙን? አልጠየቅኩም። ስልክ ቁጥሩን? አልያዝኩም።

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «የተማርሽ ትመስያለሽ። ያለ ውል፣ ያለ መታወቂያ ኮፒ ስልክ ይገዛል?»

«ካርቶን ስላለው አመንኩት። ቸኩዬ ነው።»

ቸኩዬ! ሦስት ወር ያጠናሁ ሴት። ቪዲዮውን ከፍቶ ምን እንደሚል ጠየቀኝ፤ ቃል በቃል ተርጉሜ ነገርኩት። ሰውየውን ታውቂዋለሽ ሲለኝ አላውቀውም አልኩ። በሕይወቴ ተጽፎ በሚቀመጥ ነገር ላይ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህ ራሱ አስፈራኝ። ቃሌን ጻፈና እንድፈርም ሰጠኝ። «ግዴለሽ በመሆኔ» የሚል ነበረበት። አንብቤ ፈረምኩ።

እስከ አሥር ሰዓት ድረስ እዚያው ግድግዳ ሥር አስቀመጡን። ትዕግስት አላለቀሰችም፤ ክንዷን ደረቷ ላይ አጥፋ መሬት መሬት እያየች ተቀመጠች። በመጨረሻ ሁለታችንንም ለቀቁን፤ ስልኩ ግን ቀረ። ሰውየው በር ድረስ ወጥቶ፣ ከልቡ ይመስለኛል፣ የገዛሽበት ወረቀት ከተገኘ ይዘሽ ነዪና ውሰጂው አለኝ።

ሰበታ ስንገባ የትዕግስት ልጅ ከለቅሶ ብዛት ድምፁ ተዘግቶ ነበር። እያጠባችው ወረቀቱን አወጣችው። ቀለሙ ፈሶ ስሙም ቤቱም አንድ ሰማያዊ ደመና ሆኗል፤ የመታወቂያው ኮፒ ብቻ ይታያል። ከሰሉ ውስጥ ጨመረችው። ለሁለት ሳምንት አላናገረችኝም፤ መብቷ ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ብቻዬን ቡራዩ ሄድኩ። መምህር ገመቹ ሁሉን ሲሰማ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቤት ገብቶ የራሱን ቅጂ አምጥቶ እጄ ላይ አኖረው።

«ውሰጂውና ስልክሽን አውጪ» አለኝ። «እኔ ያልኩት ወደ ቤት ግቡ ነው። ከጠየቁኝም ይህንኑ እነግራቸዋለሁ።»

ከልቡ ነበር። እጄ ላይ ያለው ወረቀት ስልኬ ነው፣ መጽሐፎቼ ናቸው፣ የሦስት ወር ጥናቴ ነው። ኦቦ ለሚን ክብሪት ጠየቅኳቸው።

«ቆዪ፣ የኔም ጣት አለበት» አሉና ተቀብለውኝ ራሳቸው አቃጠሉት። መምህሩ አልታሰረም። እስካሁንም ያስተምራል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ስልክ መግዛት ስትፈልጉ አሁንም ትጠይቁኛላችሁ፤ የምላችሁም ያኔ ከምለው ብዙ አልተለወጠም። አዲስ ሲወጣ ያለፈውን ግዙ። ካርቶኑን ጠይቁ፣ አሃዙን አመሳክሩ፣ ውል ጻፉ። እኔ ጥንቃቄን አልጠላሁም። ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ጥንቃቄ የሚጠብቀው የተጠነቀቀውን ሰው ብቻ መሆኑን አላስተዋልኩም ነበር። የሻጩን ላብ አይቼ የጠየቅኩት ጥያቄ «ምን ሊያደርገኝ ነው?» የሚል ነበር። «ምን ሆኖ ነው?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ሁለት ደቂቃ ይበቃው ነበር። ሰው ስልኩ ውስጥ የሚያስቀምጠውን ታውቁታላችሁ። የሸጠላችሁ ስልኩን ብቻ ነው።

ሁለት ሴሚስተር በፎቶ ኮፒ ተማርኩ። ከዚያ ሱሉልታ ውስጥ፣ ሁለት ሞዴል ያለፈው፣ የአንዲት ሴት ስልክ አገኘሁ። ካርቶኑ አለ፣ አሃዙ ገጠመ፣ ዋጋ ተስማማን። ልከፍላት ስል ስልኩን ያዝ አድርጋ፣ «አንዴ ውስጥ ልግባበት?» አለችኝ።

«ግቢ» አልኳት።

በረንዳው ላይ ተቀምጬ መንገዱን አየሁ። ሁለት ደቂቃ አልሆነም፤ አሥር አለፈ፣ ሃያ ሊሆን ነው። ሳሙናው ሁለት ጊዜ ታወሰኝ። አልተነሣሁም። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ስልኩን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። አልከፈትኩትም፤ እንደገናም አላመሳከርኩም። ከፍዬ፣ አመስግኜ ሄድኩ።

ይህን የጻፍኩላችሁ በእሱ ነው። ኦርጅናል ነው። ባትሪው ግን እኩለ ቀን አይደርስም።